ያላላበው ዚር

«የሰዓዲያ ውሃ ተበላሽቷል፤ ሴትዮዋ ጎንደር ስትሄድ በረከቱንም ይዛው ሄዳለች» አለ ከአጥሩ ውጭ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የተጎነጨውን እንትፍ ብሎ። ውባንች ከአጥሩ ውስጥ ጎንበስ ብላ የሙዙን ሥር በማሽላ አገዳ ስታለብስ ነበርና እጇ ባለበት ቀረ። «መሞቁስ ይሙቅ» አለ ሌላው፣ «እኔን የገረመኝ ሰሊጥ ሰሊጥ ማለቱ ነው። ውሃ ነው ወይስ ጠላ?» ተሳሳቁና ወደ ጉምሩኩ ሰልፍ ሄዱ። ውባንች ቀና ስትል ሰዎቹ ርቀው ነበር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ያንን ውሃ የሞላች፣ ጣሳውን በአመድ የፈተገች፣ ዝንብ እንዳይገባበት የነጠላዋን ቁራጭ ያለበሰች እሷ ናት። በረከት ከዚህ ወዲያ በምን ይመጣል? ቀኑ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሰምታ እንዳልሰማች በሆነች ነበር፤ ዛሬ ግን እትዬ ሰዓዲያ ዓይናቸውን ታክመው ከጎንደር የሚመለሱበት ቀን ነው።

ውባንች የጎጃም ሰው ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ለሰሊጥ አጨዳ መጥታ፣ አጨዳው ሲያልቅ ልሂድ ልቅር እያለች ስታመነታ፣ እትዬ ሰዓዲያ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ እዚያው ቀረች፤ ገበያ ላይ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። እትዬ ሰዓዲያ ደግሞ የሟቹ ነጋዴ የሐጂ ሷሊህ ሚስት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አጥሩ ላይ እንደ መስኮት ያለ ቀዳዳ አስከፍተው፣ ከውስጥ በኩል በሦስት እግር ብረት ላይ ትልቅ የሸክላ ጋን አስቀመጡበት፤ የመተማ ሰው ዚር የሚለውን። መንገደኛ እጁን አስገብቶ ይቀዳል፣ ይጠጣል፣ «አላህ ሷሊህን ይማረው» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሰውየው መቃብር ውስጥ ሆነው ቀኑን ሙሉ ሲመረቁ ይውላሉ። ከዚሩ ሥር ሐጂ ሷሊህ በመጨረሻው ክረምታቸው በገዛ እጃቸው የተከሏት ሎሚ አለች። እትዬ ሰዓዲያ ሎሚዋን በወጉ ካዩዋት ቆይቷል፤ የዓይን ሞራ ከጋረዳቸው አራት ዓመት አልፏል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ቅጠሏን በጣታቸው ዳሰስ ያደርጉና «እንዴት አደርሽ» ይሏታል፤ ሎሚዋም የምትመልስላቸው ይመስል ትንሽ ቆመው ይጠብቃሉ።

በመተማ በጋ ግቢ ማለምለም ቀልድ አይደለም። ክረምት ያበቀለውን ኅዳር ያጠወልገዋል፣ ታኅሣሥና ጥር አቧራ ያለብሱታል፣ ከዚያ ወዲያ የምትመጣው ፀሐይ ከስሙ በቀር አታስተርፍለትም። ውሃ በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ጄሪካን ዘንድሮ ሃያ አምስት ብር ገብቷል። ስለዚህ በዚህ ግቢ ውሃ ሁለት ጊዜ ሳይሠራ መሬት አይነካም። እትዬ ሰዓዲያ ሊሄዱ ሲሉ ውባንችን አስከትለው፣ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ፣ ሥርዓቱን እንደ ዳዊት አስጠኗት። የሰሃን እጣቢ ለሙዙ። የልብስ እጣቢ፣ ሳሙናው ከዘቀጠ በኋላ፣ ለፓፓያው። ለሶላት የታጠቡበት የውዱእ ውሃ ለሂናው፤ እሳቸው ስለሌሉ ውባንች ፊቷን የታጠበችበት ይተካል፤ «የክርስቲያን ፊትም ፊት ነው» ብለው ሳቁ። ሥር ሥሩ አገዳ ይልበስ፣ ምስጥ ከታየ አመድ ይነስነስ፣ ቅጠል በሳምንት አንድ ቀን ከአቧራው ይጠረግ። «ሎሚዋን ግን እንዳትነኪያት» አሉ በመጨረሻ። «እሷ የራሷን ትጠጣለች።» ውባንች ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ ቤቱን አምኖ ቁልፍ የሰጣት ሰው አልነበረምና ደስታው ጆሮዋን ደፍኖት ነበር። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ብላ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው።

ሹፌሮቹ ከሄዱ በኋላ ዚሩን ገልጣ ራሷ ቀመሰች። ለብ ያለ ነው። ሰሊጥም ይላል፤ ጥርጥር የለውም። ከዚያ ፊቷን ወደ ሎሚዋ አዞረች። ቅጠሎቹ ከተጠቀለሉ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል፤ እንዳትነኪያት ተብላለችና፣ ዛፏም በጋውን እየጾመች ይሆናል ብላ አልፋው ነበር። ዛሬ ግን ግማሹ መሬት ላይ ነው። አፈሩን በጣቷ ብትጭረው ዱቄት ሆኖ ተበተነ። ውባንች ስትደነግጥ የሚመጣባት ሳቅ ነው እንጂ እንባ አይደለም፤ የእናቷን ቀብር እንኳ በዚሁ ጠባይዋ የተነሳ ከባሕር ዛፍ ጀርባ ተደብቃ ነው ያየችው። አሁንም አፏን በነጠላዋ አፍና ብቻዋን ስትንፈቀፈቅ፣ የውሃው ሰው አብዱረሕማን ከነጋሪው ደጃፉ ላይ ቆመ። አብዱረሕማን የሰባት ልጆች አባት ነው፤ ለዚህ ግቢ ውሃ ማምጣት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ። የዚሩን ሆድ በመዳፉ ደባበሰና እጁን አገላብጦ አየው።

«ደረቅ ነው» አለ። «ይኼ ዚር ለምን አላላበውም?»

«እንዲያልበው ማን ይፈልጋል?» አለች ውባንች። «ያንጠባጥብ ነበር እኮ። እኔ ነኝ ያዳንኩት። አሟሸሁት።»

አብዱረሕማን ዚሩን ዳግመኛ ዳሰሰው። ውባንች ግን በኩራት ነው የነገረችው፤ እንዲያውም ይኼን ወሬ ለእትዬ ሰዓዲያ እንዴት እንደምታወራላቸው ስትለማመድ ነው የሰነበተችው። እሳቸው በሄዱ በማግስቱ ዚሩ ዙሪያውን ረጥቦ፣ ከታቹ ጠብ ጠብ ሲል አየችው። በእሷ አገር የሚያንጠባጥብ እንስራ የቤት ውርደት ነው። ሸክላ ከገበያ ሲመጣ በቅባትና በእሳት ይሟሻል፤ ጠብታ እስኪያቆም ይሟሻል፤ ያላሟሸች ሴት ሙያ የላትም። ለማሟሻ የሚሆን የጎመን ዘር ብታጣ ሰሊጥ በሽ ነው። ዚሩን ገልብጣ አደረቀችው፣ ሁለት ኪሎ ሰሊጥ ወቅጣ ከውስጥም ከውጭም ለቀለቀችው፣ ፍም ጨምራ አጋለችው፣ ደገመችው። በበነጋው አንዲት ጠብታ አልነበረም። እትዬ ሰዓዲያ ሲመለሱ «አንቺ ባለሙያ!» ይላሉ፤ እሷ ደግሞ መሬት መሬት እያየች «ኧረ ምን አደረግሁ» ትላለች። መልሱ ሳይቀር ተዘጋጅቶ ነበር።

«አንቺ ሴት» አለ አብዱረሕማን፣ ትንፋሹን ሰብስቦ። «ዚር ካላበው ነው ውሃው የሚቀዘቅዘው። ላቡ ጠብ ሲል ደግሞ ሎሚዋ ትጠጣለች። የራሷን ትጠጣለች ያሉሽ ይኼን ነው። አንቺ ዚሩን ቀብተሽ ሎሚዋን በጥም ፈጀሻት!» ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለም፤ ጋሪው ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሲስቅ አህያዋ አንገቷን አዙራ አየችው።

ይኼን ሁሉ ጎረቤቱ አያ እንግዳው ከአጥሩ ማዶ ሰምተውታል። አያ እንግዳው አብደራፊ እርሻ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ትራክተር ነድተው የተጦሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ የትራክተር ዘመድ ይመስላቸዋል። ጭንቅላታቸውን በአጥሩ ብቅ አደረጉና «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አሉ፤ ይኼን ብለው ሲያበቁ ግን ሊረዱ ዞረው መጡ። ውባንች በበኩሏ ሳቋ ቆሞ ነበር። ሎሚዋ ብቻ አይደለችም። ውሃው ከሞቀ ወዲህ ስንት ሰው እንትፍ ብሎ ሄደ? ስንት ቀን ሆነ፣ «ሷሊህን ይማረው» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ከሰማች? ጆሮዋ ለምዶት ስለነበር መቅረቱን አላወቀችም። አደራ የተቀበለችው ለዛፍ መስሏት ነበር፤ ለካ ለአንድ የሞተ ሰው ምርቃት ኖሯል የተቀበለችው። ይኼን ስታስብ እትዬ ሰዓዲያ ቁልፉን ተቀብለው፣ ምንም ክፉ ሳይናገሩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአክብሮት ብቻ ሰላም ሲሏት ታያት። ከስድብ የሚከፋው እሱ ነው።

አዲስ ዚር ከድንበሩ ማዶ ካልሆነ አይገኝም፤ መሻገሪያው ዛሬ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም። ቢገኝስ? እትዬ ሰዓዲያ ዚራቸውን እንደ ልጅ ፊት በመዳፋቸው ያውቁታል። ስልኳ ጮኸ፤ የእትዬ ሰዓዲያ ልጅ ሉባባ ናት፤ «ውብዬ፣ ከጎንደር ወጥተናል፤ መንገዱ ደህና ነው!» አለች እየፈነደቀች። ውባንች «እልል!» ብላ ዘጋችና ሁለቱን ወንዶች አየቻቸው። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለላት።

«በእሳት ያስገባሁትን» አለች፣ «እሳት ያወጣዋል። እናቃጥለው።»

አያ እንግዳው አገጫቸውን አሻሹ። «ካርቦን የያዘ ሞተር እኮ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይቻላል። ግን በአንደኛ ማርሽ! ካጣደፍሽው ይሰነጠቃል።» አብዱረሕማን ሁለት ጄሪካን ለሎሚዋ ሰጠ፤ «ቀስ እያልሽ አጠጫት፣ የራበው ሆድ በአንዴ አይሞላም» ብሎ። ውባንችም ጥቂት በጥቂት እያፈሰሰች፣ በየመሃሉ ይቅርታ እየጠየቀቻት፣ አጠጣቻት።

ዚሩን ባዶ አድርገው፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፈው፣ ግቢው መሃል ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ፀሐይ እስኪበረታ አሰጡት። ከዚያ ከውስጥም ከውጭም የሰሊጥ ጭድና ኩበት ሞልተው ለኮሱት። አያ እንግዳው ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና «ጨምር! ቀንስ! ገለል!» እያሉ ማዘዝ ጀመሩ። አምስት ሰዓት ሲሆን ዚሩ የጠጣውን ቅባት ሁሉ መተንፈስ ያዘ፤ ያ የሰሊጥ ጭስ በሰፈሩ ላይ ተንሳፈፈ፤ ምን የመሰለ ሽታ! ሰው ሁሉ ምራቁን እየዋጠ ወጣ። አንዲት ሴት «የሉባባ ሰርግ ነው? ሳንሰማ?» ብላ በሩ ላይ ቆመች። ሌላዋ ሰሃን ይዛ መጣች። ሰልፍ ላይ ያሉት ሹፌሮችም ሽታውን ተከትለው ደረሱ፤ ከፊት የመጣው ማዕረግ ይባላል፤ ጠዋት እንትፍ ያለው ድምፅ የእሱ መሆኑን ውባንች ወዲያው አወቀች። ነገሩ ሲነገረው ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው። እጅጌውን ሰብስቦ «እንጨቱ የት ነው?» አለ።

እሳቱ መሃል አንድ ጊዜ ቋ! የሚል ድምፅ ወጣ። ውባንች ዓይኗን ጨፍና «እመብርሃን» አለች። ለካ ኩበቱ ውስጥ ጠጠር ኖሯል። ሰው ሁሉ በአንድነት ተነፈሰና እርስ በርሱ ተያየ፤ ፊቱ ጥላሸት ያልነካው አንድም አልነበረም። ያኔ ነው ውባንች ሳቋ የተነሳባት። አብዱረሕማን ተከተለ፣ ሰሃን ይዛ የመጣችው ሴት ተከተለች፣ አያ እንግዳው እንኳ «ሥራ ላይ ነን እኮ» እያሉ ትከሻቸው ተርገፈገፈ።

እሳቱ በረደ፤ ዚሩ ግን ገና እንደጋለ ነው፤ መዳፍ አያስጠጋም። ስምንት ሰዓት አልፎ ስልኩ ጮኸ። «ገንዳ ውሃ ከተማ ደርሰናል፤ አንድ ሰዓት ቢቀረን ነው!» አለች ሉባባ። ውባንች ጄሪካኑን አንስታ ሮጠች፤ አያ እንግዳው ከወንበራቸው ተወርውረው ያዟት። «የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! አራግቡ!» እንግዲህ የዚያን ቀን በዚያ ሰፈር ያለፈ ሰው ያየው ይኼን ነው፤ ሰባት ጤነኛ አዋቂዎች አንድ ጥቁር ጋን ከበው ያራግባሉ። በሰፌድ፣ በካርቶን፣ በነጠላ ጫፍ፤ ማዕረግ ከመኪናው ያመጣውን የመስኮት መጋረጃ ይዞ። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ያለ ይመስል አንዷ «አይዞህ፣ አይዞህ» ትለዋለች። የሚያልፍ የሚያገድም ባጃጅ ሁሉ ፍጥነቱን እየቀነሰ ጡሩንባ ይነፋል።

መዳፍ ሲያስነካ ጥላሸቱን በአሸዋ ፈትገው፣ በጆንያ ይዘው፣ ወደ ብረቱ መለሱት። መጀመሪያ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ቀጥሎ ለብ ያለ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ። አልጮኸም፤ አልተሰነጠቀም። ሞላ። ውባንች ተንበርክካ ሆዱን አየችው። ደረቅ ነው። ዞራ አየችው። ደረቅ ነው። ደጃፉ ላይ የቆመችውን ባጃጅ ጡሩንባ የሰማችው በዚያው ተንበርክካ ሳለች ነው።

እትዬ ሰዓዲያ ወረዱ። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ሉባባ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል እጇን መለሱላት። ምርኩዙ በሉባባ እጅ ነው። የአጥሩ ጥላ ውስጥ ሲገቡ መነጽሩን አወለቁና ተሰልፈው የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አዩአቸው።

«እነዚህ ከሰል ነጋዴዎች እነማን ናቸው?» አሉ።

ውባንች ቁልፉን ከማተቧ ፈትታ በሁለት እጇ ዘረጋችና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ ጠብታውን፣ ሰሊጡን፣ ሎሚዋን፣ ስንት ቀን ለሐጂ ሷሊህ ምሕረት ያልለመኑትን መንገደኞች፣ እሳቱን። «አደራዎን በላሁ እትዬ። ልቤ ደግ ነው ያሰበው፤ እጄ ነው ያጠፋው።» እትዬ ሰዓዲያ ቁልፉን አልተቀበሏትም። ወደ ሎሚዋ ሄዱ። እጃቸው በልማድ ተዘረጋ፤ መልሰው ሰበሰቡት። ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ በታከመችው አንዲት ዓይናቸው፤ ከቅርብ፤ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ። የረገፈውን፣ የተጠቀለለውን፣ ከታች በኩል ደግሞ ገና አረንጓዴ የሆኑ አራት አምስት ቅጠሎችን። ሉባባ «እማ፣ ዓይንሽ እንዳይደክም» ብትል በእጃቸው «ተይኝ» አሏት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ዚሩ አዞሩና እዚያው ቁጢጥ ብለው ቆዩ።

«ያውና!» አሉ በድንገት።

«የቱ?» አለ አብዱረሕማን።

«ያ! ጥቁሩ! እየሰፋ ነው እኮ፤ አይታያችሁም እንዴ? ዓይን የላችሁም?» ሁሉም ተንበረከከ። እውነት ነው፤ ከዚሩ ወገብ በታች እንደ ሳንቲም ያለ እርጥበት ወጥቷል። ሳንቲሙ እንደ መዳፍ ሰፋ። ከታች ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች፣ አበጠች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ሎሚዋ ሥር ጠብ አለች። እትዬ ሰዓዲያ እንደ ልጅ አጨበጨቡ። «አራት ዓመት ድምፁን ነው የሰማሁት! እንዲህ ያበራል እንዴ!» ማዕረግ ዞሮ በውጭ በኩል ሄደ፤ እጁ በቀዳዳው ገብቶ ጣሳውን ሲያነሳ ታየ። ውሃው ገና ለብ ያለ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ጠጣውና «ሐጂ ሷሊህን ነፍሳቸውን ይማር» አለ፣ ከፍ አድርጎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማው።

ውባንች አልቻለችም። ቁልፉን እንደያዘች ሳቋ አመለጣት፤ አሁንስ እንባም ጨምሮበታል። እትዬ ሰዓዲያ ዞሩ። አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጉና ጥላሸቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት።

«ፍንጭት ነሽ እንዴ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሉባባ! ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቴ ውስጥ ፍንጭት ሲኖር አንድ ሰው አይነግረኝም?» አሉ ተቆጥተው። ከዚያ ቁልፉን ከእጇ ወሰዱና፣ ወደ ማተቧ መልሰው ራሳቸው አሰሩላት፤ ቋጠሮውን በዓይናቸው እያዩ፣ ጊዜ ወስደው። «ሁለተኛውን ዓይኔን ሚያዝያ ላይ ነው የሚሠሩልኝ። ፀሐዩ ያኔ ነው የሚብሰው፤ ግቢውን ሌላ ለማን እተወዋለሁ? አንቺው ትጠብቂዋለሽ።» ወደ ቤት ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ቆም አሉ። «ሰሊጡን ግን ቆልፌበት ነው የምሄደው።»